ስለ ነገ ሲነሳ ዝም ይላል

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል፤ ምግብም አይበላም። የልጃችን ምርቃት ስለተቃረበ ምን ልብስ እንግዛልህ ብዬ ብጠይቀው «እስከዚያ ማን ያውቃል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ተስፋ መቁረጡ ነው ያሳመመው ወይስ ሕመሙ ነው ተስፋ ያስቆረጠው? እንዴትስ ላጽናናው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ ድባቴ (ዲፕሬሽን) የተባለው የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለምና ስለ ወደፊቱ ያለው አመለካከት አብሮ እንደሚጨልም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጽፈዋል። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ተስፋ መቁረጥ በራሱ ድባቴን ሊያመጣ እንደሚችል አስረድተዋል። እኔ እንደምረዳው ሁለቱ ይመጋገባሉ፤ ነገ ባዶ የመሰለው ሰው ከአልጋ የሚነሳበት ምክንያት ያጣል፤ ሳይነሳ የዋለበት ቀን ደግሞ «ነገም ያው ነው» ለሚለው ሐሳቡ ማስረጃ ይሆነዋል።

ብዙዎቻችን ድባቴ ክፉ ክፉውን ማሰብ ብቻ ይመስለናል። ክፉ ይመጣል ብሎ መስጋት ግን ይበልጡን የጭንቀት ጠባይ ነው፤ በድባቴ ጎልቶ የሚታየው መልካሙ ነገር በሐሳብ አልመጣ ማለቱ ነው። ባለቤትዎም ምርቃቱን የጠሉት አይመስለኝም፤ ልጃቸው ጋዋን ለብሶ ሲቆም፣ እርሳቸውም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ አልታይ ብሏቸው ነው እንጂ። ስለዚህ «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» ማለቱ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም፣ የማይታያቸውን እንዲያዩ መጠየቅ ስለሚሆን ጥፋቱ የራሳቸው እንዲመስላቸው ያደርጋል። ይልቅስ የምርቃቱን ቀን ለጊዜው ይተዉትና ስለ ነገ ማለዳ ያንሱ፤ አብራችሁ አሥር ደቂቃ በእግር ለመሄድ ይቀጣጠሩ፤ ፍላጎቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሥራውን ተከትሎ እንጂ ቀድሞ አይደለምና።

ከዚህ ጎን ለጎን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። እንዲህ ያለ ስሜት ሁለት ሳምንት ሲሞላው መመርመር የሚገባው ሲሆን፣ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል።

«ማን ያውቃል» ያሉትን ቃል ግን እባክዎ እንዲሁ አይለፉት። ቤክና ባልደረቦቻቸው ራስን የማጥፋት ሐሳብ የነበራቸውን ሕሙማን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት፣ የተስፋ መቁረጥን መጠን የሚለካ መጠይቅ ሞልተው በኋላ ሕይወታቸውን ካጠፉት 11 ሰዎች 10ሩ በመጠይቁ አስቀድመው ከፍተኛ ነጥብ የታየባቸው ነበሩ። ስለዚህ ብቻችሁን ስትሆኑ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቋቸው፤ መጠየቅ ያልነበረን ሐሳብ አያስገባም። አዎ ካሉ ብቻቸውን አይተዋቸው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘዋቸው ይሂዱ።