«መላእክት ይጠብቁኛል» ያልኩበት ሌሊት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር ተምሬ ዲቁና ከተቀበልኩ በኋላ ላለፉት 8 ወራት ቋራ ወርጄ፣ ከገለጉ ወጣ ባሉ መንደሮች ወንጌል ሳስተምር ቆየሁ። ከጉሙዝ ወገኖቻችን ጋር የምነጋገረው በአስተርጓሚ ነው። ሁለት ጊዜ ወባ ጣለኝ። ጥቅምት ላይ የሦስት ቀን ጉባኤ ጠርቼ በመጀመሪያው ቀን 11 ሰው መጣ፤ በሦስተኛው ቀን 4፣ ከነሱም ሁለቱ ሕፃናት። አሁን ቤተሰብ ልጠይቅ አዘዞ መጥቻለሁ። እናቴ «አትመለስም» ትላለች። አብሮኝ የሚያገለግል ወንድም ደግሞ አጎበርና መድኃኒት ስሸክፍ አይቶ «እግዚአብሔርን ያመነ ሰው ይህን ሁሉ አይሸከምም» አለኝ። ልመለስ? ፍርሃቴስ ኃጢአት ነው?
ዲያቆኑ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የወንድምህን ነገር ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አፈርኩ። እኔም በአንተ ዕድሜ እንደሱ ነበርኩና።

ሃያ ዓመት አልፎታል። መተማ ቆላ ወርጄ የሰሊጥ አጨዳ ላይ ያሉ የጉልበት ሠራተኞችን አስተምር ነበር። ቀን ያጭዳሉ፣ ማታ ግራር ሥር ተኮልኩለው ይተኛሉ፤ እኔም አብሬያቸው። ከመካከላቸው አንድ የደምቢያ ሰው አጎበር ነበረው። በመጀመሪያው ሌሊት «የኔታ፣ ለሁለት ይበቃናል፣ ይግቡ» አለኝ። «የለም፣ እኔን መላእክት ይጠብቁኛል» አልኩት፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ብቻውን ገባ። በማግስቱ ማታ አጎበሩን አልዘረጋውም። እምነቱን በሰው ፊት አሳንሼበት ነበር።

እኔ እንግዲህ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አጥቢያ ያደግሁ ነኝ። ጣሪያው ላይ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል የሚያዩንን መላእክት ከልጅነቴ ጀምሮ ስቆጥር ኖሬአለሁ፤ ስለ መላእክት ማን ሊነግረኝ! ግን «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል» የሚለውን መዝሙር ከመቅደስ ጫፍ ላይ ሆኖ ለጌታ የጠቀሰው ማን ነበር? ማቴዎስ 4ን ገልጠህ እየው። ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። እኔ ያን ሌሊት የጠቀስኩት ጥቅስ ትክክል ነበር፤ የጠቀስኩት ግን እንደ ፈታኙ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ደህና ሆኜ ጎንደር ተመለስኩ። «አያችሁ?» እያልኩ ተመጻደቅሁ። ሚያዝያ ላይ ትኩሳት ጀመረኝ፤ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አልለቅ አለኝ። ሰውነቴ አለቀ፣ ጣፊያዬ አብጦ በእጄ ይዳሰስ ጀመር። ካላዛር ነበር። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም፤ በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ቀኑን ውላ ማታ ትወጣለች። ከነደፈችህ በኋላ በሽታው ወራት ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። በዚያ ላይ የተጎሳቆለ ሰው ይወዳል፤ እኔ ደግሞ ከታዘዘው ጾም በላይ ጨምሬ እጾም ነበር። ጠበሉንም ጠጣሁ፤ በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረውን የ30 ቀን መርፌም ተወጋሁ። ያ የደምቢያ ሰው ሰምቶ ሊጠይቀኝ መጣ። ሰሊጥ በፌስታል ይዞ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ አጎበሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከመርፌው ይልቅ ያ ዝምታ አመመኝ።

ስለዚህ አጎበርህን ያዝ። ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈህ «ወባ ነው» ብለህ በግምት ክኒን አትዋጥ፤ ወጥተህ ተመርመር። የወባውንም መድኃኒት ሲሻልህ አታቋርጠው። ለወንድምህም ይህን ንገረው፦ ጌታ ሐዋርያቱን መጀመሪያ ያለ ኮረጆ ላካቸው፤ በሉቃስ 22 ደግሞ «አሁን ግን ኮረጆ ያለው ከእርሱ ጋር ይውሰድ» አላቸው። የላካቸው ያው አንዱ ጌታ ነው። ጳውሎስም ጥሮፊሞስን ታሞ ስለነበር በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። በእስያ የደረሰበት መከራ ከዓቅም በላይ ከብዶ በሕይወቱ ተስፋ አስቆርጦት እንደነበርም በ2ኛ ቆሮንቶስ መጀመሪያ ላይ ሳይደብቅ ጽፏል። እሱ ይህን ካልሸሸገ አንተ በፍርሃትህ ምን ያሳፍርሃል?

የመንገዱን ነገር አጭር ነው። አዘዞ መናኸሪያ ሄደህ ሹፌሮቹን ጠይቅ። እነሱ ከቀሩ ቅር። «በአንዲቱ ከተማ መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ያለው ራሱ ላኪው ነው።

አሁን ወደ 4ቱ ሰዎችህ። ልጄ፣ ጥቅምት ላይ ጉባኤ ጠራህ? ሰሊጥ እኮ ቀኑ ሲደርስ አንድ ሳምንት አይጠብቅም፤ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል። የዓመት ጉሮሮው መሬት ላይ ሲፈስ ስብከት የሚሰማ ገበሬ ካለ እኔ ፈርቼ እሸሸዋለሁ። እግዚአብሔር አልተወህም፤ የቀን መቁጠሪያ አላየህም። በጥር ጥራቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ ማጭድ ይዘህ እርሻቸው ውረድ፤ ቋንቋውም የሚገባህ እዚያ ነው፣ ከአስተርጓሚው ጀርባ ቆመህ አይደለም። የማሽላ ገንፎ ካቀረቡልህ ተቀመጥና ብላ። እኔ በሁሉ ነገር ሰጪ መሆን እወድ ነበር፤ ከሰው መቀበል ያቃተው ከእግዚአብሔር ይቀበላል ብለህ ግን አትጠብቅ።

ፍሬ ዘገየ ለሚል ሰው ሁሉም ፍሬምናጦስን ይጠቅሳል፤ እኔ ሌላ ሰው ላንሣልህ። አቡ ሩሚ የሚሉት ጎጃሜ መነኩሴ ካይሮ ላይ ታሞ ወድቆ ሳለ አንድ የፈረንሳይ ቆንስል አስታመመው። ከዳነ በኋላ ሁለቱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በር ዘግተው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመሩ። 10 ዓመት ፈጀባቸው። አቡ ሩሚ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ወንጌሎቹ ለንደን ላይ የታተሙት ከሞቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830 ሳሙኤል ጎባት የተባለ ሚስዮናዊ ጎንደር ይዟቸው ገባ። አቡ ሩሚ አንዲት የታተመች ገጽ አላየም። ከጎባት ትምህርት ሁሉ ጋር አልስማማም፣ ያ ሌላ ወሬ ነው፤ የመነኩሴው ማክሰኞና ቅዳሜ ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም።

«ልመለስ?» ላልከው፣ ከንስሐ አባትህ ጋር ሳትመክር እኔ «ሂድ» አልልህም፤ ዓምድ አዘጋጅ ቆላ አይወርድም፣ የሚወርደው አንተ ነህ። እናትህን ግን እግረ መንገድህን አትለፋቸው። ቁጭ ብለህ የት እንደምታድር፣ ማን እንደሚያበላህ፣ ስትታመም ማን እንደሚያወጣህ በስም ንገራቸው። በስም የምትጠራው ሰው ከሌለህ እናትህ ልክ ናቸው፤ ያን ሰው እስክታገኝ ቆይ። ካለህ ግን ስልኩን ስጣቸው። መሄድህ ከሆነም ዝናቡ ሳይጀምር ውረድ፤ ዋልካው ከረጠበ አይሱዙውም አይወጣም፣ አንተም አትወጣም።