ደረቁንም ሐይቅ መዝግቡት

ወፍ ከአውሮፕላን ላይ መቁጠር ሲባል ሽርሽር ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። 50 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር እየበረራችሁ ነው። በሰከንድ 50 ሜትር ማለት ነው። ዳክዬ ነው ዝይ ስትሉ ወፉ ከኋላችሁ ቀርቷል። ሆድም ይገለበጣል። እኔ መጀመሪያ ላይ በአንድ እጄ ፌስታል ይዤ ነበር የምቆጥረው፣ አላፍርበትም።

አንድ በአንድ መቁጠሩን እርሱት። 100 ወፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ዓይናችሁን አስለምዱት፤ ከዚያ በዚያ ልክ መንጋውን እየከፈላችሁ ትሄዳላችሁ። ያያችሁትን ለድምፅ መቅጃው ተናገሩ፤ ልጻፍ ብላችሁ ካቀረቀራችሁ አለቀ። ቤት ውስጥ ጥራጥሬ በትናችሁ ገምቱ፣ ከዚያ ቁጠሩት። መንጋው ሲበዛ አብዛኞቻችን አሳንሰን እንገምታለን። እኔም ያነሳሁትን ፎቶ በኋላ ስቆጥረው ስንቴ ደንግጫለሁ! ትንንሾቹን የውሃ ዳር ወፎች ደግሞ ከላይ ሆኖ በዝርያ መለየት ስለሚያስቸግር በጅምላ መዝግቧቸው። ያላወቃችሁትን ወፍ ስም አታውጡለት።

ታዲያ እንዲህ የሚሳሳት ቆጠራ ምን ይሠራል? በምሥራቅ አውስትራሊያ ወፍ ቆጣሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ በጥቅምት (ኦክቶበር) ወር ይበራሉ፣ እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው 10 መስመሮች ላይ። ሁሉንም ወፍ ቆጠርን የሚል የለም። ግን መንገዱ ያው፣ ዘዴውም ያው ስለሆነ የዘንድሮው ከአምናው ጋር ይነጻጸራል፤ ወንዝ ተገድቦ ወይም ውሃው ለመስኖ ተወስዶ ረግረጉ ሲጎዳ፣ የወፎቹ ማሽቆልቆል ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ላይ ይታያል። ስለዚህ በየዓመቱ ዘዴ አትቀያይሩ፣ የተሻለ ቢመስላችሁም። የግድ ከሆነ አሮጌውንና አዲሱን ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን አስኪዷቸው።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ከአንድ የደረቀ ሐይቅ በላይ ስናልፍ መቅጃውን አጠፋሁት። ወፍ የለ፣ ውሃ የለ፣ ምን ልበል? ደክሞኝም ነበር። እንደዚህ ያሉ ሐይቆች አንድ ዓመት ሞልተው ሌላ ዓመት እንደሚደርቁ፣ መድረቃቸውም ራሱ መረጃ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት ተማሪ መዝገቡን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ወፍ ስላልነበረ ነው ወይስ ስላልበረራችሁ?» አለችኝ። እኔ ትዝ ይለኛል፣ ደርቆ ነበር። እሷ ግን ትዝታዬን ዜሮ አድርጋ ልትጽፈው አልቻለችም፣ ልክም ነበረች። ሠንጠረዡ ላይ ያቺ ቦታ እስከ ዛሬ ክፍት ናት።