ጥርስ ስታስነቅሉ፦ ከወንበሩ በፊትና ከወንበሩ በኋላ

የታችኛው መንጋጋዬ ነበር፣ በግራ በኩል። ሁለት ወር ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት እንዳልል መንከስም አልችልም ነበር። በቀኝ እያኘክሁ፣ በማስታገሻ እየዋልኩ፣ ሌሊት ተነስቼ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ ከረምኩ። ሐኪም ጋ ያልሄድኩት ጊዜ አጥቼ አይደለም። አፌን ከፍቼ በሰው አገር ቋንቋ ምን እንደምል ስላላወቅሁ ነው። በአማርኛ «ይጠዘጥዘኛል» ማለት ይበቃል፤ የሰማ ሁሉ ፊቱን ያጨማድድላችኋል። እስቲ ይህችን ቃል በምትኖሩበት አገር ቋንቋ በሏት። እኔ የማውቀው «ያማል» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሌላ ጥርስ አስነቅያለሁ፤ ለወገኖችም አስተርጓሚ ሆኜ ስንት ጊዜ ክሊኒክ ተመላልሻለሁ። ነቀላው ራሱ አጭር ነው። ቀላል ከሆነ ደቂቃዎች፣ ከከበደ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ያልቃል። ሰው ሲጎዳ ያየሁት ወይ ከመግባቱ በፊት ባልጠየቀው፣ ወይ ከወጣ በኋላ ባደረገው ነገር ነው።

ከቋንቋው ልጀምር። ሐኪሙ የሚፈልገው ያማረ ገለጻ አይደለም። መቼ ጀመረ? ቀዝቃዛ ሲነካው ነው ትኩስ? ቀዝቃዛው ሲሄድ ሕመሙም ይሄዳል ወይስ ይቆያል? ስትነክሱበት ያማል? ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? ይህን ከቤት በወረቀት ወይም በስልካችሁ ጽፋችሁ፣ በተርጓሚ መተግበሪያም ቢሆን አስተርጉማችሁ ሂዱ። ቦታውን በጣት ማሳየት ቃል አይፈልግም። ቀጠሮ ስትይዙ ደግሞ አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፤ ቀድመው ከተነገራቸው የሚያዘጋጁ ብዙ ናቸው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጅ የናቱን ሕመም አለሳልሶ ነው የሚያወራው፣ የሐኪሙንም ማስጠንቀቂያ እንደዚያው።

ወንበሩ ላይ ከመጋደማችሁ በፊት የምትጠይቁት አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፦ «ሳይነቀል ሊድን አይችልም?» ብዙዎቻችን «ንቀሉልኝና ልገላገል» እንላለን። ሕመም ላይ ላለ ሰው እውነት ይመስላል። ነርቩ የተበላሸ ጥርስ ግን ብዙ ጊዜ በሩት ካናል ይተርፋል። የተበላሸውን ከውስጥ አውጥተው፣ ሥሩን አጽድተው፣ ይሞሉታል። ከድድ በታች የተሰበረ፣ የያዘው አጥንት አልቆ የሚወዛወዝ፣ ወይም ዊዝደም የሚባለው የመጨረሻው መንጋጋ ሆኖ በየጊዜው የሚያብጥ ከሆነ ግን መንቀሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ራጅ ያነሷችኋል፤ ፎቶውን «አሳዩኝ» በሉ። ሥሩ ምን ያህል ጠማማ እንደሆነ፣ ታች ከሆነ ለነርቭ፣ ላይ ከሆነ ከጉንጭ አጥንት ውስጥ ላለው ክፍት ቦታ፣ ለሳይነስ፣ ምን ያህል እንደቀረበ እዚያ ላይ ይታያል።

የሚነቀለው የምታኝኩበት ጥርስ ከሆነ ቦታው ላይ ምን እንደሚተካ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ክፍተት ሲቀር ጎረቤት ጥርሶች ወደዚያ ያዘነብላሉ፣ ከፊት ለፊት ያለውም ወደ ባዶው ይወርዳል ወይም ይወጣል፣ አጥንቱም ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ)፣ ብሪጅ (ጎረቤት ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሸፍን)፣ የሚወልቅ ጥርስ፣ ሁሉም የየራሱ ጊዜና ዋጋ አለው። ዋጋውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። ዊዝደም ከሆነ ግን አትጨነቁ፣ አይተካም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። «ለጥርስ ነው የመጣሁት፣ ስለ ልቤ ምን አገባቸው» ያለኝ ሰው አለ። ያገባቸዋል። ደም ማቅጠኛ ትወስዱ እንደሆነ፣ ስኳር ካለባችሁ፣ የልብ ቫልቭ ችግር ካለ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ፔኒሲሊን የሚያስቆጣችሁ ከሆነ ተናገሩ። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒትን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ አንዳንዱ የመንጋጭላ አጥንት እንዳይድን ሊያደርግ ስለሚችል ግድ ይነገር። የእንክብሎቹን ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስማቸውን መጥራት አይጠበቅባችሁም። ደም ማቅጠኛን ደግሞ «ደም እንዳይፈሰኝ» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ከጥርስ የሚፈስ ደም ተይዞ ይቆማል፤ ልብ ወይም አንጎል ላይ የሚረጋ ደም ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ አንቲባዮቲክም ልናገር፤ ይህ የኛ ሰው ድክመት ነው። ከሰው የተረፈ፣ በሻንጣ የመጣ ካፕሱል እየዋጥን ሐኪም እናዘገያለን። ኢንፌክሽን ካለ እብጠቱ ጋብ ሊል ይችላል። ምንጩ ጥርሱ ውስጥ ስለሆነ ግን ተመልሶ ይመጣል። ኢንፌክሽን ያልያዘው ጥርስ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም።

የቀጠሮው ቀን አካባቢውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ከሆነ ቀለል ያለ ነገር ብሉ፤ በባዶ ሆድ ሄዶ ራሱን የሳተ አይቻለሁ። የሚያስተኛ ወይም የሚያፈዝ መድኃኒት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጾም ያስፈልጋል፣ ሰዓቱን እነሱ ይነግሯችኋል፣ ወደ ቤት የሚወስዳችሁም ሰው ይኑር።

አሁን ወንበሩ ላይ ነን። መጀመሪያ ድድ ላይ የሚቀባ ማደንዘዣ ሊኖር ይችላል፣ ከዚያ መርፌ። ለታችኛው መንጋጋ መርፌው ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው የሚወጋው፤ ከንፈራችሁ ግማሹ፣ ምላሳችሁም ጭምር ይደነዝዛል። ማደንዘዣው ውስጥ ብዙ ጊዜ አድሬናሊን ስላለ ልባችሁ ለአፍታ ድው ድው ሊል ይችላል። አትደንግጡ፣ ግን ንገሯቸው። መግል የያዘ ቦታ ላይ መርፌው በደንብ አይይዝም፤ ሌላ ይጨምራሉ። እናንተ መቻል የለባችሁም። በ1844 ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም የሚያስቅ ጋዝ የሚባለው ሕመም ያደነዝዝ እንደሆነ ለማየት እሱን ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቅሏል። ሰውዬው ያን ያህል የደፈረው እኛ ዛሬ እንድንሰቃይ አይደለም።

ማደንዘዣ ሕመምን ያጠፋል፣ ግፊትን አያጠፋም። ይህን ማንም አልነገረኝም። ዶክተሯ ስትገፋ መንጋጭላዬ ከቦታው የሚወጣ መሰለኝ። ቆም ብላ «ግፊት ነው ወይስ ሕመም?» አለችኝ። የሁለቱን ቃላት ልዩነት አላወቅሁም። እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ «ወይስ» ላለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ተያየን። በመጨረሻ ክንዴን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ «ይኼ ግፊት»፤ ከዚያ ቆነጠጠችኝ፣ «ይኼ ሕመም»። ስቄ በግማሽ ከንፈሬ «ግፊት» አልኩ። ሁለቱን ቃላት ከቤት አጥንታችሁ ሂዱ። ሌላው፣ ከመጀመራቸው በፊት «እጄን ካነሳሁ አቁሙ» ብላችሁ ተስማሙ።

ጥርስ እንደ ምስማር አይሳብም። ከአጥንቱ ጋር የያዘው ቀጫጭን ጅማት ነገር ነው፤ እሱን ለመበጠስና ቀዳዳውን ለማስፋት ወዲያና ወዲህ ይገፋሉ፣ ያዞራሉ። ጉጠቱ የሚመጣው አብዛኛው ሥራ ካለቀ በኋላ ነው። ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ድምፁ የሚመጣው ከራሳችሁ አጥንት ውስጥ ስለሆነ ከውጭ ከሚሰማው በላይ ይጎላል። የታችኛው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥር፣ የላይኛው ሦስት ሥር አለው። አልወጣ ካለ ድዱን ትንሽ ከፍተው፣ ጥርሱን በመሰርሰሪያ ቆራርጠው ያወጡታል፣ ይሰፉታል። «ሰበረብኝ» ብሎ ሐኪም የሚከስ ሰው ሞልቷል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚደረገው አጥንቱን ለማትረፍ ነው።

ከዚያ ጎዝ፣ ደም የሚመጥ ንጹሕ ጨርቅ፣ ያስነክሷችኋል። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ፣ አጥብቃችሁ፣ ሳታወሩ። በየሁለት ደቂቃው እያወጣችሁ አትዩት። እኔ ያጠፋሁት ከዚህ ጀምሮ ነው። ደም ደም አለኝና ተፋሁ። ተጉመጠመጥኩ። እንደገና ተፋሁ። ምራቅ ላይ ጠብ ያለች ደም ብዙ እንደምትመስል አላወቅሁም። ማታ ደግሞ ጭማቂ በስትሮ መጠጥኩ። ያ ቀዳዳ ውስጥ የሚረጋው ደም ለአጥንቱ መሸፈኛው ነው፤ ሥጋው የሚያድገው እሱን ይዞ ነው። እኔ በገዛ እጄ አወጣሁት።

በሦስተኛው ቀን ቀለል ሊለኝ ሲገባ ባሰብኝ። ጆሮዬ ድረስ የሚወጣ ሕመም፣ ማስታገሻ የማይሰማ፣ አፌ ውስጥ መጥፎ ሽታ። ስመለስ ዶክተሯ አየችና ወዲያው አወቀችው፤ ደሙ ጠፍቶ አጥንቱ ተራቁቷል። ድራይ ሶኬት ይሉታል። አጠበችውና ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል መድኃኒት የተነከረ ነገር አስገባችልኝ። ብዙም ሳይቆይ ለቀቀኝ። ሲጋራ የሚያጨስ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ፣ የታች ዊዝደም ያስነቀለ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሕመሙ እየጨመረ ከመጣ «ያልፋል» አትበሉ፣ ተመለሱ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት መጉመጥመጥ የለም፣ መትፋት የለም፣ ስትሮ የለም፣ አልኮል የለም። ሲጋራ ለቀናት ይቆይ፤ በዚሁ ከተዋችሁትማ እሰየው። ደሙ ከቀጠለ ንጹሕ ጎዝ አርጥባችሁ እንደገና ንከሱ። የደነዘዘው ከንፈር እስኪመለስ ጥቂት ሰዓት ይፈጃል፤ እስከዚያ ትኩስ አትንኩ፣ ከንፈራችሁንም ሳታውቁት እንዳትበሉት። ማስታገሻውን ድንዛዜው ሳይለቅ ውሰዱ። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን የተለመዱት ናቸው፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም ደም ማቅጠኛ ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ አይቡፕሮፌኑን ሳትጠይቁ አትውሰዱ። ትራሱን ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። ጉንጭ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዝ ለቀቅ አድርጉበት። ለስላሳና ለብ ያለ ምግብ በሌላው ጎን።

ከአንድ ቀን በኋላ ለብ ያለ ውሃ በጨው፣ ከምግብ በኋላ፣ በቀስታ። አፍ ውስጥ ማንከባለል ነው እንጂ በኃይል መጉመጥመጥ አይደለም። ሌሎቹን ጥርሶች መቦረሽ አታቁሙ። እብጠቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የሚብሰው፣ ከዚያ ይወርዳል። ቀዳዳው ላይ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ነገር ስታዩ መግል ነው ብላችሁ በእንጨት እንዳትፍቁት፤ ሕመሙ እየቀነሰ ከሆነ የሚድን ሥጋ ነው። የላይኛው መንጋጋ ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ቀናት አፍንጫችሁን በኃይል አትናፈጡ።

እብጠቱ ወደ አንገት ወይም ከምላስ ሥር ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በሌሊትም ቢሆን። ትኩሳት፣ አፍ አልከፈት ማለት፣ ነክሳችሁበት የማይቆም ደም ካለ በዚያው ቀን ደውሉ። ከንፈር ወይም ምላስ በማግስቱም ደንዝዞ ከቀረ እንደዚሁ።

አገር ቤት ልትሄዱ ቲኬት ቆርጣችሁ «ከመብረሬ በፊት ልንቀለው» የምትሉ አላችሁ። አንድ የማውቀው ሰው ዛሬ አስነቅሎ በሦስተኛው ቀን ተሳፈረ፤ ድራይ ሶኬቱ አየር ላይ ያዘው። ሙሉ ሌሊት፣ መስኮት ዳር፣ ጉንጩን ይዞ። ነገር የሚበላሽባቸው ቀናት እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ናቸውና ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም አድርጉ፤ የላይ መንጋጋ ከሆነ ሐኪሙን ስለ በረራው ጠይቁ። ከክሊኒኩ ከመውጣታችሁም በፊት መመሪያ ወረቀቱን ተቀበሉና ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደወልበትን ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። እዚያው፣ አፋችሁ ውስጥ ጎዝ እያለ። በዚያ ሰዓት ማውራት አይፈቀድላችሁም፣ በወረቀት ጽፋችሁ ጠይቁ።