መልስ፦ የዶሮ ቤት እየጠረጉ ደራሲ መሆን ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ ቱሉ ዲምቱ ዶሮ እርባታ እየሠራህ የሚያስቅ የሳይንስ ልቦለድ እንደምትጽፍ ነግረኸን «ሥራዬ ከጽሑፍ ጋር አይገናኝም፣ ልልቀቀው?» ብለሃል። ኧረ አትልቀቅ!

እንግሊዛዊውን የሚያስቅ የሳይንስ ልቦለድ ደራሲ ዳግላስ አዳምስን እይ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ስሙ ከመታወቁ በፊት ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በጋሪ ገፍቷል። ለአንድ የኳታር ሀብታም ቤተሰብ ጠባቂ ሆኗል። የዶሮ ቤትም አጽድቷል፤ አዎ፣ ያንተኑ ሥራ።

ዝናው የመጣው በ1978 በቢቢሲ ሬዲዮ በተላለፈው ድራማው ነው። አጀማመሩን ስማ፦ የአንድ ሰውዬ ቤት ለመንገድ ሥራ ሊፈርስ ዶዘር ደጁ ቆሟል። ሰውዬው ጭቃው ላይ ተጋድሞ «አልነሳም» ይላል። በዚያው ቀን ምድር ራሷ በህዋ ውስጥ ለሚዘረጋ አውራ ጎዳና ትፈርሳለች! የሰውዬው ቤት እንደሚፈርስ ማስታወቂያውማ ቀድሞ ተለጥፎ ነበር፤ ግን ማንም በማያየው ምድር ቤት። ለከተማ ዳር ሰው ይሄ ቀልድ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከዚያ ድራማው መጽሐፍ ሆኖ በ1979 ወጣ። «ዶክተር ሁ» የሚባለው የቢቢሲ የሳይንስ ልቦለድ የቴሌቪዥን ድራማ ስክሪፕት አርታኢም ነበር። በ1984 ታሪኩን የኮምፒውተር ጌም አደረገው። በ1990 ደግሞ ከአንድ የእንስሳት ተመራማሪ ጋር ሊጠፉ ስለተቃረቡ እንስሳት ጻፈ። በሰዓቱ የማያስረክብ ሰነፍም ነበር፤ አንዴ አርታኢው ሆቴል አብሮት ገብቶ ነው ያስጨረሰው።

አንተም ከዶሮዎቹ ጀምር። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ጫጩት እንዳይበርደው ከሰል ይዞ የሚሮጥ ሠራተኛ፣ ከላይ ደግሞ የሚታዘበው የህዋ መርከብ። ሁለት ገጽ ጻፍና እዚሁ ለጥፈው፣ እናየዋለን።