ያቺ ወፍ ዓመቱን ሙሉ አጥራችሁ ላይ ነበረች

በየሰፈራችን ስለምናነሳው ፎቶ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ። ግማሹ ጥያቄ «የትኛውን ስልክ ልግዛ?» የሚል ስለሆነ እሱን በአንድ ቃል እንገላገለው፦ አትግዙ። እጃችሁ ላይ ያለው ይበቃል። ቀሪዎቹን እነሆ። ደብዳቤዎቹ ረዘም ረዘም ስላሉብኝ በራሴ አነጋገር አሳጥሬያቸዋለሁ።

«ፎቶዬ ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስላል። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን?» (ከአዳማ)

አልተበላሸም። ሌንሱን ጥረጊው። ስልክ ስታወሪ ጣትሽ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ጭልፊቷ አታስጠጋኝም

ቄራ አካባቢ የሚኖር ወጣት ነው የጻፈው። ከሥጋ ቤቱ በላይ ጭልፊቶች ሲዞሩ ያያል፣ ስልኩን አውጥቶ ካሜራ እስኪከፍት ግን የሉም። የያዛቸውም ሰማይ ላይ የተረጨ ቀለም ነው የሚመስሉት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖብሃል። አትከተላት፣ ጠብቃት። አንድ ሩብ ሰዓት ስልክህን ኪስህ ውስጥ ከተህ ዝም ብለህ ብታያት በየት በኩል እንደምትወርድ፣ የትኛው የመብራት ምሰሶ ላይ እንደምታርፍ ትለያለህ። ከዚያ ምሰሶው ላይ አነጣጥረህ ቆይ። ዙሙን አታብዛው፤ ከተወሰነ በኋላ ስልኩ ወፏን እያቀረበልህ አይደለም፣ ፎቶውን ቆርጦ እየለጠጠልህ ነው። የምትጠቁረው ደግሞ ስልክህ ብርሃኑን የሚለካው በደማቁ ሰማይ ስለሆነ ነው። ስክሪኑ ላይ ወፏን ንካና ብርሃኑን ወደ ላይ ጎትተው። ሰማዩ ነጭ ቢሆን ይሁን፣ ሰማዩን አይደለም የምታነሳው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አትልፋ፣ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ እሷም ሌላ ቦታ ናት።

እግረ መንገድህን፣ ጣሪያው ላይ ቡናማ፣ ራሱ መላጣ፣ ፊቱ ሮዝ የሆነ ጥንብ አንሳ ቆሞ ካየህ እሱንም አንሳው። «አሞራ ነው» ብለን የምናልፈው እሱ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። አንተ ግን ቁርስህን እየበላህ ታየዋለህ።

«ቀን ላይ የማነሳው ሰው ሁሉ ዓይኑ ጉድጓድ ይሆንብኛል»

እኩለ ቀን ላይ አታንሺ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀን 6 ሰዓት ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻማ ቀጥ ብላ ከላይ ስለምትወርድ ጥላሽን እግርሽ ሥር ካልፈለግሽው አታገኚውም። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 በኋላ አንሺ። ግድ ቀን ላይ ከሆነ ሰውየውን በረንዳ ሥር አስገቢው፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይቁም።

ጎጆው

አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ የወፍ ጎጆ አገኘች። ቅርንጫፉ ስለከለላት ቆረጥ አድርጋ ጫጩቶቹን አነሳች፣ ፎቶውንም ላከችልኝ። «እንዴት ነው?» ትላለች።

ፎቶው ጥሩ ነው። ያደረግሽው ጥሩ አይደለም። ያ ቅርንጫፍ ከፀሐይ ጣሪያቸው፣ ከቁራ መደበቂያቸው ነበር። እናታቸው አንቺን ፈርታ ሳትመለስ ካመሸች ብርዱ ይጨርሳቸዋል። የቆረጥሽውን ቶሎ ብለሽ እዚያው መልሰሽ እሰሪው፣ የራስሽን ልጆችም ለጊዜው ከዚያ አርቂ። ወላጆቹ ምግብ ይዘው ሲመላለሱ ከሳሎን መስኮት አንሺያቸው። በእኔ ዓይን እሱ ይበልጣል፤ አፉን የከፈተ ጫጩት ሁሉም ጋ አለ።

ፍላሽ ውሻ ያስደነግጣል ወይ?

የ19 ዓመት ልጅ ነው። ከሰፈሩ ጥግ የወለደች ውሻ አለች፣ ቡችሎቿን ሊያነሳ ሲጠጋ ባቱን ነከሰችው። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ በአረቄ አጥቤዋለሁ፣ ደህና ነኝ ይላል። የሚጠይቀኝ ስለ ፍላሹ ነው።

ፍላሹን ተወው። እስካሁን ሐኪም ቤት ካልሄድክ ይህን ማንበብ አቁምና ሂድ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው፣ ምልክቱ ደግሞ ለሳምንታት፣ ለወራትም ሊዘገይ ይችላል፣ ስለዚህ «ደህና ነኝ» ያልከው ምንም ማስረጃ አይሆንም። የቁስሉ ማነስም እንደዚሁ። የነከሰችኝ ስለወለደች ነው ትለኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። እሱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ አንተም አይደለህ፣ እኔም አይደለሁ። ሌሎቻችሁም ስሙኝ፦ ውሻ፣ ድመት ወይ ጦጣ ከነከሳችሁ ወይ ከቧጨራችሁ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። እዚያ ክትባቱ የለም ካሏችሁ የት እንዳለ ጠይቃችሁ ወደዚያው ሂዱ፣ ወደ ቤት አትመለሱ። የጀመራችሁትንም እስከ መጨረሻው ተከተቡ። አንተ ልጅ፣ ስትከተብ ጻፍልኝ።

የካሜራው ሌንስ ውስጥ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር

ሻጋታ ነው። ራስህ አትፍታው፣ ካሜራ ጠጋኝ ጋ ውሰደው። ሲመለስልህ ክረምቱን በቆዳ ቦርሳው ቁም ሳጥን ውስጥ አታሳድረው፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ አውጥተን የምንጥላቸውን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስብና በሚገጠም ዕቃ ውስጥ አብረህ ዝጋበት።

የመስቀል ወፍ ከየት ትመጣለች?

ጡረታ የወጡ መምህር ከደብረ ብርሃን አራት ገጽ ጽፈውልኛል፣ በእጅ፣ በሚያምር ጽሕፈት። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የልጅ ልጃቸው «የመስቀል ወፍ ከየት ነው የምትመጣው?» አላቸው፣ መልስ አጡ። ዘንድሮ ቀድመው ጠብቀው የመጣችበትን ቀን በፎቶ ሊያስቀሩለት አስበዋል። የት ሆኜ ልጠብቃት ይላሉ።

ጋሼ፣ ከየትም አትመጣም። እዚያው ነበረች።

እኔም እንደርስዎ ከአደይ አበባ ጋር ቀጠሮ ይዛ ከሩቅ አገር የምትመጣ እየመሰለኝ ነው ያደግሁት። ዓመት ጠፍቶ ብቅ ያለ ዘመድ እንኳ «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» አይደል የሚባለው? እውነቱን ለመናገር የመስቀል ወፍ የምንላት አንድ ዓይነት ወፍም አይደለችም። አንዱ አገር ጥቁርና ቀይ ነው፣ ሌላው ጋ ጥቁርና ቢጫ፣ ሌላው ጋ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝም። የሚያመሳስላቸው ወንዱ ልብስ ቀያሪ መሆኑ ነው። በጋውን እንደ ሴቷ ቡናማ፣ ጭረት ጭረት ያለበት፣ ማንም ድንቢጥ ብሎ የሚያልፈው ሆኖ ይከርማል። ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲያድግ፣ መራቢያው ሲደርስ፣ የድሮውን ላባ አራግፎ ቀዩን ወይ ቢጫውን ያወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ከዝናቡ ተጠልለን ቤት ነን። መስከረም ላይ ሰማዩ ሲከፈት ወጣ ብለን እናየውና «መጣች» እንላለን። የመጣነው ግን እኛ ነን።

ይህን የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ጥቁሩን፣ አንገቱ ቀይ፣ ጅራቱ ረጅም የሆነውን ላነሳ ብዬ ሱሉልታ ሜዳ ድረስ ሄድኩ። ጭቃው አንድ ጫማዬን አስቀረው፣ ሦስት ብዥ ያሉ ፎቶዎች ይዤ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ከግቢያችን ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ ያው ወፍ ሣሩ ላይ ይወዛወዛል። እሱስ ምንም አልነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ እዚያችው ሣር ላይ ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ጥቁር፣ የተነጫጨ የሚመስል ወፍ አንስቼ ነበር፤ የታመመ ድንቢጥ መስሎኝ፣ ስልኬም ሞልቶ ስለነበር፣ አጠፋሁት። ልብሱን ሲቀይር ነበር የያዝኩት። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ እጠብቃለሁ፣ እንደዚያ ቀረብ ብሎ የቆመልኝ ግን የለም።

ስለዚህ የመምጫዋን ቀን ይተዉት። ከግንቦት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ቆመው ያንኑ አጥር፣ ያንኑ ሣር ያንሱ። ወፍ ባይኖርም ያንሱ። ዝናብ ከሆነ ከመስኮት ያንሱ። ቡናማ ስለሆነች አይለፏት፣ የታመመች ብትመስልም አያጥፏት። ጥቅምት ላይ ፎቶዎቹን አሳጥበው በተርታ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩለት፣ ከየት እንደመጣች ልጁ ራሱ ይነግርዎታል። በእርስዎ በኩል ያለችው ባለ ረጅም ጅራቷ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃረ ቀይ ከሆነች ሥራው ይቀልዎታል፤ ወንዱ ላባውን ሲቀይር ምንቃሩ ቀይ እንደሆነ ይቀራል፣ ከቡናማዎቹ መሐል እሱን ይፈልጉ። (ያቺ በነገራችን ላይ ጎጆ የሚባል ነገር አትሠራም፣ ዕንቁላሏን የሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ለልጁ ይህንን ይንገሩት፣ ይወደዋል።) ስሟን ማረጋገጥ ከፈለጉ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አለ፣ ወፍ የሚያውቁ ሰዎች እዚያ አይጠፉም።

«እዚህ የሚነሳ ነገር የለም፣ ዛፍ ለዛፍ የሚሮጥ ስኩዊረል ብቻ» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እህቴ፣ አጋዘን ጓሮሽ ገብቶ የተከልሽውን አበባ እንደሚበላብሽ ራስሽ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ጽፈሽልኛል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2021 ለ17 ዓመት መሬት ውስጥ የኖሩት ሲካዳ የሚባሉ ነፍሳት እዚያው ሰፈርሽ ወጥተው ዛፉን ሁሉ ሲያለብሱት የት ነበርሽ? የሚቀጥለው 2038 ነው። እስከዚያ ስኩዊረሉን አንሺ።

ብር ልክፈላቸው?

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ። ጠያቂዋ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ስታነሳ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች አብረው ይገባሉ፣ ከዚያ «ክፈይ» ይሏታል። እሷ ቅር ይላታል።

እኔ ቅር አይለኝም። ፊቱ የሱ ነው። ግን ከመክፈልሽ በፊት መጠየቅሽን ልጠይቅሽ። ካሜራውን ከመደቀንሽ በፊት «እንዴት አደራችሁ» ብለሻል? ፊቱን ያዞረ ሰው እንቢ ብሏል፣ ቃል አትጠብቂበት። ትንሽ ልጅ ከሆነ ወላጁን አስፈቅጂ። እኔ የማደርገው ፎቶውን አሳጥቤ ይዤላቸው መመለስ ነው፤ ሁለተኛ ቀን ስትሄጂ ስምሽን ይዘው ይጠሩሻል፣ አባ ኮዳው ሲያርፍም ቀድመው የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ፎቶ አሳጥቦ መመለስ ካልቻልሽ፣ ክፈይ።

«ማታ በሰፈራችን ጅብ ይጮሃል። ወርጄ በፍላሽ ባነሳውስ?»

አትውረድ። ሐረር በር ላይ በእጅ ሲበላ ያየኸው የለመደ ነው፣ ያንተ ሰፈሩ አያውቅህም። በመስኮት ሆነህ ድምፁን ቅዳ። ሲነጋ፣ የጠዋት ፀሐይ ገና በጎን እያለች፣ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ያለውን ጭቃ አንሳ። የፊት እግሩ ዱካ ከኋላው ከበለጠና የውሻ የማይመስል ትልቅ ከሆነ እሱ ነው። መጠኑ እንዲታይ አጠገቡ የክብሪት ቀፎ አስቀምጥ።