መጀመሪያ አረማመዱን እዩት

ለልምምድ ባሕር ዳር የምትመጡ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች፣ የታካሚ ቪዲዮ ሳታወርዱ ከኢንተርኔት ላይ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ደስ ይለኛል። በእኛ ጊዜ ዎርድ ውስጥ ያየነውን አረማመድ ማታ ደግመን የምናይበት መንገድ አልነበረም። አንዴ ካመለጠን አመለጠን ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ርዕሱን ሳታነቡ፣ ድምፁን ዘግታችሁ ጀምሩ። «ስትሮክ» የሚለውን ካነበባችሁ በኋላ ዓይናችሁ የሚፈልገው ስትሮክን ብቻ ነው፤ ሰውየው ይጠፋባችኋል።

የጤነኛ ሰው ተረከዝ መሬት ነክቶ ያው ተረከዝ እስኪደግም 1 ሰከንድ ገደማ ነው። እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው የዚህን 60 በመቶ ያህል ነው። በዚህች ቅጽበት ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱንና ዳሌውን አንድ ላይ ልያዝ ማለት ለጀማሪ አይሆንም። መጀመሪያ ተረከዙን ብቻ እዩ። ከዚያ አዘግይታችሁ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ዳሌውን፣ በመጨረሻ እጁን። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት እግሩን በውጭ በኩል አዙሮ ነው የሚያመጣው? ወይስ ጣቶቹ እንዳይጎተቱ ጉልበቱን ከልክ በላይ ያነሳል? በደከመው እግሩ ሲቆም የሌላኛው ጎን ዳሌ ይወርዳል? ያያችሁትን በገዛ ቃላችሁ ጻፉ። የበሽታው ስም ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ኔት ሲዳከም ቪዲዮው ራሱ ጥራቱን ይቀንሳል፤ ጣቶቹ ይደበዝዛሉ። ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ሄዳችሁ እዩት።

ቪዲዮ የማያስተምረውም አለ። ከስትሮክ በኋላ የገተረ ጡንቻ ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉት እሺ ይላል፤ ፈጠን ስትሉ ግትር ይልባችኋል። ይህን የሚያውቀው እጅ ነው። ከውጭ የሚመጡት ክሊፖች ደግሞ አብዛኞቹ ልሙጥ ኮሪደር ላይ የተቀረጹ ናቸው። የእኛ ታካሚ ወደ ዘጌ በጀልባ ሊመለስ ይችላል፤ አንድ እግሩ ዳር ላይ፣ አንዱ በሚወዛወዝ ጀልባ ውስጥ። ቤቱ ሲደርስ ከበርጩማ ይነሳል፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ይላል። እነዚህን ራሳችን መቅረጽ አለብን። ጋቢ ዳሌንም ክንድንም ይሸፍናል፤ አስታማሚያቸው ባሉበት፣ በአክብሮት ጠይቃችሁ አስወልቁ።

ፈቃድ ላይ ጠንከር ልበል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲጠይቃቸው እምቢ ማለት የሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ናቸው የሚመጡልን። «እሺ ልጄ» ስላሉ ብቻ አትለፉ። ባይቀረጹም ሕክምናቸው እንደማይጓደል ንገሯቸው። ማን እንደሚያየውም ንገሯቸው። ቀርጻችሁ ስትጨርሱ አሳይታችሁ እንደገና ጠይቁ። ሳይወርድ ካለበት መታየቱን የምወደው ለዚህ ነው፤ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ከአንድ ቦታ ማንሳት ይቻላል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከተለቀቀ ግን የሚሰበስበው የለም። በግል ስልካችሁ አትቅረጹ፤ የክፍሉን ካሜራ ተጠቀሙ።