ባሌ መታኝ፤ ወዴት ልሂድ? የድሬዳዋና የሐረር ጥያቄዎች

ድሬዳዋ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ለጥቂቶቹ እነሆ መልስ።

ጥያቄ፦ ባሌ ደበደበኝ። ሽማግሌ ገብቷል። ፖሊስ ጋ ብሄድ እርቁን አላበላሽም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሽምግልናው ይቀጥል፤ አንቺ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ቀላል የአካል ጉዳት በመርህ ደረጃ የሚያስከስሰው የግል አቤቱታ ስታቀርቢ ነው። ጊዜው ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ነገ ሲሉ ቀኑ ያልፋል፤ በዚህ ምክንያት መብቷን የምታጣ ሴት ሳይ ያንገበግበኛል። በዱላ ወይም በቢላ መትቶሽ ከሆነ ያለ አቤቱታም ይከሰሳል። ከባድ ጉዳት ከሆነ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሂጂ ሌላ ጤና ጣቢያ፣ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ "ወድቄ ነው" እንዳትዪ። ካርድሽ ላይ የሰፈረው ቃል ፍርድ ቤት ድረስ ይከተልሻል።

ጥያቄ፦ ኒካህም ፊርማም የለንም፤ አብረን ነው የምንኖረው። ሕጉ ያውቀኛል?

መልስ፦ ያውቅሻል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 ያለ ጋብቻ አብረው የሚኖሩትንም ይጠቅሳል። በአካል ላይ ብቻ ሳይሆን በአእምሮ ጤና ላይ የደረሰ ጉዳትንም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ብፈታው ከነልጆቼ ሜዳ ላይ ልቀር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ሐረሪ የራሱ አለው። በድሬዳዋው ሕግ የፍቺ ጥያቄ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብና ስለ ልጆች ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይሰጣል። ከቤት ማን ይውጣ የሚለው ሲነሳ የልጆቹ ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ወገን ይታያል። ስለዚህ ማመልከቻሽ ላይ ይህን በግልጽ ጠይቂ። ፍቺው ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ ነው። ድብደባው ግን ወንጀል ስለሆነ የሚታየው በመደበኛ ፍርድ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍርስ?

መልስ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ የሆነውን ነው። ይህ መለወጥ አለበት፤ በየመድረኩ የምናገረው ነው። እስከዚያው ግን ያደረሰብሽ ጉዳት ራሱን ችሎ ያስከስሳል።

ጥያቄ፦ ለገሃሬ ነው የምኖረው። ሌሊት የጎረቤቴ ሚስት ስትጮህ እሰማለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለፖሊስ በ991 ደውል። የሰማህበትን ቀንና ሰዓት ጽፈህ ያዝ፤ ክስ ከተከፈተ ምስክር ትሆናታለህ።